ለጥቁሬ ፊት የሚሆን ፕሪንተር

ጥቅምት 6

ዛሬም ስድስት ሙሽራ። ስድስቱንም አነጣሁ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ፣ «አብሪያት እንጂ፣ ገና ጨልማለች» ይላል። አልጨለመችም። ጠይም ናት። ግን ማን ይሰማል... አስራ ስምንት ዓመት እዚህ ፎቶ ቤት ወንበር ላይ። መጀመሪያ ማንጣት፣ ቀጥሎ ማለስለስ፣ ከዚያ ሴቭ። እኔ ስለ ምሳ ሳስብ እጄ በራሱ ይሠራዋል።

ቤት ስገባ እማዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ባዶ ሚስማር እያየች ተቀምጣለች። «ዓይኔ ሳይጠፋ አባትሽን ስቀይልኝ» አለችኝ። የግራ ዓይኗ አልቋል። ሐኪሙ የቀኙም ብዙ አይቆይም ብሏል። ምን ልበላት?

ጥቅምት 7

የአባቴ ፎቶ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ወደ ግድግዳ ዞሮ ከቆመ ስድስት ዓመቱ። ለቅሶው ላይ የቆመው ፎቶ ነው። ያኔ እማዬ አንዴ አይታው፣ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለች። ከዚያ ወዲህ ዞር ብላም አላየችው። አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሲፈጠር ጥቁር፣ ፀሐይ ደግሞ የደረበችበት። እማዬ በስሙ ጠርታው አታውቅም፣ «ጥቁሬ» ነበር የምትለው። ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ግን አመድ ነው።

ይሄን ያደረገ አጣቢው ነው። ፎቶ የምናሳጥብበት ቤት ባለቤት። ሙያውን አብረን ነው የለመድነው፣ እንደ ወንድሜ ነበር። ለቅሶ ቤት፣ በሰው ፊት፣ «አባቴን ዱቄት ነስንሰህ አመጣህልኝ?» አልኩት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝም። ጥፋተኛ ምን ይመልሳል? መንገድ ላይ ስናገኘው እኔም እማዬም ፊታችንን እናዞርበታለን።

ወሰንኩ። ፋይሉ እኔ ጋ ነው፣ ፕሪንተር ገዝቼ እዚሁ ቤቴ ራሴ አትመዋለሁ። ከእንግዲህ የማንንም እጅ አላይም።

ጥቅምት 11

ሱቅ ለሱቅ ስዞር ዋልኩ። እግሬ አልቋል።

የመጀመሪያው ሻጭ አራት ቀለም ያለው፣ በጠርሙስ የሚሞላ አሳየኝ። «ቀለሙ አያልቅም፣ ሺህ ወረቀት ያወጣልሻል እህት!» እኔ አንድ ፊት ነው የምፈልገው አልኩት። እብድ ሳልመስለው አልቀረሁም። አንድ ጥቁር ሰው ያለበት ፎቶ አተመልኝ... ጥላው ሁሉ አረንጓዴ።

ሁለተኛው ሱቅ ስድስት ቀለም። ያምራል፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ቀለሙ ውሃማ ነው፣ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርግና ያበራል። «መስኮት አጠገብ ብሰቅለውስ?» ልጁ ጭንቅላቱን አከከ። «ከጊዜ በኋላ... ትንሽ ሊደበዝዝ ይችላል።» አባቴ ሁለተኛ ይደብዝዝብኝ? ጥዬው ወጣሁ።

ጥቅምት 14

ዛሬ ሰው አገኘሁ። መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ሻጭ። የፈለግሁትን እስክጨርስ ሰማኝ። ደቃቅ ዱቄት ያለበት ቀለም ነው የሚያዋጣሽ፣ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፣ ብርሃን ቶሎ አያነሳውም አለኝ። ከጥቁሩ ሌላ ሁለት ግራጫ አለው። «ዋናዎቹ ግራጫዎቹ ናቸው ልጄ። በጥቁር ብቻ ከሄድሽ ፊቱ ጉድጓድ ይሆናል። ጥቁር ፊት ውስጥ ስንት ዓይነት ጥቁር እንዳለ ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ አልኩት። ባለሙያ ነኛ!

«ደግሞ በሳምንት አንዴ እንኳ አትሚበት። ቀለም መርጫው ይደፈናል። እንደ ሰው ነው፣ ዝም ካሉት ይዘጋል።»

ትንሹን ልውሰድ ትልቁን? ትልቁን። ግድግዳውን የሚሞላ አባት ነው የምፈልገው። ሁለተኛዋን ካሜራዬን ሸጥኩ። ትሂድ።

ጥቅምት 20

መጣ። ሁለት ሰው ተሸክሞ አስገባው። የምግብ ጠረጴዛው ሄደ በቃ፣ ከእንግዲህ ጭናችን ላይ ነው የምንበላው። እማዬ በእጇ ዳሰሰችው። «ምንድነው ይሄ፣ አልጋ ነው?» ሳቅኩ። ስንት ጊዜዬ ነው ቤት ውስጥ ከሳቅኩ?

መጀመሪያ ወፍራሙን የጥጥ ወረቀት ገልብጬ አስገባሁት። ቀለሙ ጀርባው ላይ ተዝረከረከ። እኔ ነኝ ባለሙያ። ቀጥሎ አንድ አሮጌ ጫማ ያነሳሁትን አተምኩ። ጥቁሩ... እጄን ልሰድበት ቃጣኝ። የክሩ ስፌት ሳይቀር ይታያል። «ነገ ነው እማ» አልኳት። ነጠላ ልቀይር ብላ ተነሳች። ነገ ነው እኮ የምልሽ እማ...

ጥቅምት 21

አመድ።

ያው አመድ ሰውዬ። ግድግዳ የሚያህል አመድ።

ጥቅምት 22

ወረቀት ቀየርኩ። ቀለም መርጫውን ሦስት ጊዜ አጸዳሁ፣ ቀለሙን በከንቱ ጠጣው። እማዬ ከክፍሏ፣ «ደረሰ?» ትላለች በየደቂቃው። «ገና ነው!» ጮህኩባት መሰለኝ። አዎ፣ ጮህኩባት።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። አታለልከኝ፣ ማሽንህ ጥቁር አያውቅም አልኩት። አልተቆጣም። «አባትሽ ምን ለብሰዋል?» «ኮት። ጥቁር ኮት።» «እስቲ ኮታቸውን እይው።»

አየሁት። ኮቱ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ነው። ክሩ ይቆጠራል። «እንግዲህ ጥቁር ያውቃል ማለት ነው። የሰጠሽውን ነው የሚያወጣልሽ ልጄ።»

ስልኩን ዘጋሁት።

ጥቅምት 23

ሥራ አልሄድኩም። ፎቶውን አፍንጫዬ ስር አድርጌ ሳየው ዋልኩ።

ጠባሳው የለም። አባቴ ግራ ቅንድቡ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ጠባሳ ነበረችው፣ በልጅነቴ እየነካካሁ የምተኛው። የፎቶ ማጠቢያ ማሽን ፊት ሊያነጣ ይችላል። ጠባሳ ግን አያጠፋም። ጠባሳ የሚያጠፋ ሰው ነው። ያውም እንደ እኔ ጎበዝ የሆነ። ስድስት ዓመት አመዱን ሳይ ጠባሳውን እንዴት አላየሁም?

አሁን መጣልኝ። የሞተ ቀን። ፎቶ ቤት እያለቀስኩ ቁጭ ብዬ... አባዬ ከመሞቱ ጥቂት ቀን በፊት፣ ምሳ ሰዓት ጃንጥላዬን ሊያደርስልኝ ሲመጣ ያነሳሁት ፎቶ። ማንም አብሪው አላለኝም። አለቃዬ እንኳ አልነበረም። ዓይኔ እንባ ነው፣ እጄ ግን ሥራውን ያውቃል... ማንጣት፣ ማለስለስ፣ ሴቭ። ዋናው ላይ ነው ሴቭ ያደረግሁት። ካሜራው ውስጥ የነበረውም በሳምንቱ ለሠርግ ተጠርጓል።

ደግሞ አጣቢው ደውሎልኝ ነበር። አሁን ድምፁ ጆሮዬ ላይ ነው። «የአባትሽ ፊት ትንሽ አልነጣም? ላጥቁረው?» ምን አልኩት? «እንደላክሁልህ አትም!» ብዬ ዘጋሁበት።

ጥቅምት 25

ዓይኔን በጨው አጥቤ አጣቢው ጋ ሄድኩ። ባንኮኒው ኋላ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል። መቼ ነው የሸበተው?

ነገርኩት። እየተንተባተብኩ ሁሉንም። ወረቀት መቁረጡን አላቆመም።

«ያን ቀን ለምን አልተናገርክም? በሰው ፊት ስሰድብህ?»

«አባትሽ ሞተዋል። በዚያ ላይ እኔ ልጨምርብሽ ነበር?»

ይቅርታ አልኩት። «እሺ» አለ። እሺ ብቻ! ደጁ ድረስ የመጣን ሰው ተቀመጥ፣ ጠጣ አይባልም? ምን ፈልጌ ነው ግን... እንዲያቅፈኝ? ያኔ የላክሁለትን አወጣልኝ። ያው አመድ። ስወጣ ብቻ ከኋላዬ፣ «ጉርድ ፎቶ የላቸውም?» አለኝ።

ጥቅምት 26

እማዬ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ጠየቅኋት። የአባዬ ጉርድ ፎቶ አለሽ? ቦርሳዋን ፈታች፣ ከቦርሳው ውስጥ መሀረብ ፈታች፣ ከመሀረቡ ውስጥ የሥራ መታወቂያው። ጥቁሬ። ከነጠባሳው። አገጩ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ማህተም።

«እስካሁን ለምን አላሳየሽኝም እማ?»

«ታበላሺዋለሽ ብዬ ነዋ። እናንተ ጋ የገባ ፊት መቼ እንደገባ ይወጣል?»

ሌላ ሰው ቢለኝ እጣላ ነበር።

ጥቅምት 27

አለቃዬ ለምን ቀረሽ ብሎ ጮኸ። ከዚያ የአንዲት ሙሽራ እናት ፊት መጣ። ሴትየዋን እንዳለች ተውኳት። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?» አለኝ። ወንበሬን ለቅቄ፣ ራስህ አንጣት አልኩት። አነጣት። ምንም አልተለወጠም እንግዲህ። ነገ ያባርረኝ ይሆናል።

ጥቅምት 30

መታወቂያውን ስካን አደረግሁ። ፊቱ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ እጄ ወደ ማንጫው ሄደ። እውነቴን ነው፣ ዛሬም! እጄን ጭኔ ስር አድርጌ ተቀመጥኩበት። ማህተሙንም አልነካሁትም።

ጉርድ ፎቶ ሲተልቅ ይበተናል። ያ ሁሉ ፕሪንተር፣ ግድግዳ የሚያህል ወረቀት የሚውጥ... የመዳፍ ያህል አባት አወጣልኝ። ግን ጥቁር ነው። ጉንጩ ላይ ሌላ ጥቁር፣ ዓይኑ ስር ሌላ ጥቁር። ሽማግሌው እውነቱን ነው።

እማዬ ቀኝ ዓይኗ ላይ አስጠጋችው። ብዙ ቆየች።

«ጥቁሬ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ፣ «የት ደብቀሽው ነው ይሄን ሁሉ ዓመት?»

አጣቢው የለበትም አልኳት። እኔ ነኝ ያነጣሁት እማ። እሱማ ላጥቁረው ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ።

ሚስማሩ ጋ በዳበሳ ሄደች፣ ራሷ ሰቀለችው። ላግዝሽ ብል እጄን ገፋችው።

«ሰላም ሲለኝ እኮ ነው ፊቴን የማዞርበት» አለች። «ስድስት ዓመት... እሱ ቆሞ እየጠበቀኝ።» ከዚያ፣ «ለሱም አንድ አትሚለት። ራሴ ነኝ የምወስድለት። አንቺ በር ድረስ ታደርሺኛለሽ፣ አትገቢም።»

አተምኩት። ሁለተኛው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እስኪደርቅ አይነካም። እማዬ ወንበሯን አዙራ ሚስማሩ ፊት ተቀምጣለች። እኔን ዞር ብላ አላየችኝም።