በሃምሳኛው ቀን የተጻፈ መርዶ

ቂርያት ጋት፣ እስራኤል፣ እሑድ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2026

ለምወድሽ ልጄ ለኦዴያ፣
ሳነቴ፣ ባሌ ተራራ

ከሁሉ በፊት ይህን ማወቅ አለብሽ፤ እናትሽ ሙሉሽ የለችም። እሑድ ዲሴምበር 21 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አረፈች፤ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀበርናት። ዛሬ ሃምሳ ቀኗ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ይህን እያወቅሽ እንድታነቢው ስለፈለግሁ ሰላምታዬን ወደ ኋላ አደረግሁት።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይናገራል፣ ስትወድቂ የሚይዝሽ እጅ ይኖራል። አንቺ ባለሽበት ግን ከቀበሮና ከፍልፈል በቀር ማን አለ? በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ በስልክ ምን እንዳደረግን ከታች ታነቢያለሽ። ስለዚህ ሌንስሽን ይዞልሽ ለሚመጣው ለባልደረባሽ ለኦምሪ ሰጠሁት። ምን እንደያዘ ነግሬዋለሁ። ማለዳ፣ ካሜራሽን ሳታነሺ እንዲሰጥሽ፣ አንብበሽ እስክትጨርሺም ከድንኳንሽ ደጅ እንዳይርቅ አዝዤዋለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሽማግሌ አይደለም፤ ሌላ ሰው ግን አላገኘሁም። «ምን ልበላት?» ብሎ በዕብራይስጥ ጠየቀኝ። «ምንም አትበል። ቁም» አልሁት።

በአማርኛ የምጽፍልሽ ዕብራይስጤ ስለሚሳሳት ነው። ይህ ደብዳቤ ስሕተት እንዲኖርበት አልፈልግም።

እንዴት እንደሆነ በተራው ልንገርሽ። ዲሴምበር 14 የሐኑካ በዓልን የመጀመሪያ ሻማ ስናበራ ክብሪቱ ከእናትሽ እጅ ወደቀ። ልታነሣው ብትሞክር ግራ እጇ አልታዘዝ አላት። ሆስፒታል ወሰድናት፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሷል አሉን። ስምንት ቀን ተኛች። በዚያ ሳምንት ደውለሽ «እማ የት አለች?» ስትዪኝ «ጉንፋን ይዟት ተኝታለች» አልሁሽ። ዋሽቻለሁ።

ካረፈች በኋላ ወዲያው ይነገራት ያለ ሰው አልነበረም። አጎትሽ ፈረደ «ብቻዋን ተራራ ላይ ናት። ሰምታ ገደል ብትገባስ? የመጪው ሳምንት ሐሙስ ትመጣ የለም እንዴ?» አለ። ትኬትሽ ለጃንዋሪ 1 የተቆረጠ ነበር። አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ ትደርሺያለሽ ማለት ነው። ሁላችንም ልክ ነው አልን።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሳሎናችን ሞልቶ ነበር። የቤተ እስራኤል ቄሳችን መጡ። ከእናትሽ ጋር በፋብሪካው የሠሩት ሴቶች ፈረቃቸውን ጨርሰው በዚያው መጥተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ። የመቀመጫውን ተራ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፈረደ አፉን እስኪከፍት ማንም ድምፅ እንዳያሰማ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቅሁ። አክስትሽን ዘሪቱን በሩ አጠገብ አስቀመጥኋት፤ ስትገቢ የምትወድቂው በእሷ ላይ ነው ብዬ አስቤ ነበር።

ሊቀበልሽ የሄደው ወንድምሽ ያኢር ከአውሮፕላን ማረፊያው ደወለ። «አባ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀ። እሷ የለችም» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ የእናትሽ ስልክ ጮኸ። ከሞተችም በኋላ ባትሪውን በየቀኑ እሞላው ነበር። አንቺ ነበርሽ። አደጋ ደርሶብሽ መስሎኝ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፈትሁት።

«እማ፣ እንዳትቆጪኝ፤ አልመጣሁም። ሃያ ሦስት ቀን በሆዴ ተኝቼ ጠብቄ ትናንት ከጉድጓዱ ወጡልኝ። አምስት የቀበሮ ግልገሎች ናቸው። ሁለት ሳምንት ብቻ ጨምሪልኝ። እማ? አት ሾማዓት?»

ትሰሚያለሽ ወይ ብለሽ የምትጠይቂያት ሴት ከተቀበረች አሥራ ሁለት ቀኗ ነበር። ዘሪቱን አየኋት። የእሷና የእናትሽ ድምፅ አንድ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ያኢር እንኳን በስልክ ይሳሳት ነበር። በአገጬ ምልክት ሰጠኋት። ያዘዝኋት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም።

«አለሁ ልጄ» አለች።

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ጉንፋኑ ነው።»

«እሺ በይኝ በቃ።»

«እሺ። ሥራሽን ጨርሺ።»

«ለአባ ቀስ ብለሽ ንገሪው። ፕሮግራሙ ተበላሸብኝ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ እሱን ሲያርም እንዳይሰነብት» ብለሽ ሳቅሽ።

ሳቅሽ ሃያ ስድስት ሰው በተቀመጠበት ሳሎን ውስጥ ተሰማ። አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች። ስልኩ ሲዘጋ ዘሪቱ ተነሣችና አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። «አግደው፣ እህቴን አፈር ካለበስናት በኋላ በእኔ አፍ አስዋሸሃት። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ውኃ አልቀምስም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣችም። ሰዎቹም አንድ በአንድ ወጡ፤ ያመጡትን ምግብ ሳይከፍቱ ይዘውት ተመለሱ።

ሁለቱ ሳምንት ወር ሆነ። ስትደውዪ ተኝታለች፣ ለሕክምና ኩፓት ሖሊም ሄዳለች፣ ገበያ ናት አልሁሽ። መልእክት ስትልኪላት እሷ መጻፍ ስለማትችል አበባ ብቻ ትልክልሽ እንደነበር አስታወስሁና እኔም አበባ ላክሁልሽ። ከጃንዋሪ 1 ወዲህ የደረሱሽ አበቦች አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ አንዱንም የላክሁት እኔ ነኝ።

የላክሽልኝን ፎቶዎች ሁሉ አይቻለሁ፤ የጻፍሽውንም በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። አራት ሺህ ሜትር ላይ ውኃሽ በኮዳው ውስጥ ረግቶ ማደሩን፣ ጣትሽ አልታጠፍ ብሎ የካሜራውን ቁልፍ በአገጭሽ መጫንሽን፣ ቀበሮዋ በመጨረሻ ለምዳሽ በእግርሽ አጠገብ አልፋ ስትሄድ ትንፋሿ መሰማቱን። እናቲቱ ውርጭ በጢሟ ላይ ይዛ፣ አራቱ ግልገሎች አፏን ሲልሱ፣ አምስተኛው ለብቻው የተኛበትን ፎቶ ከተማ ወስጄ በትልቁ አሳተምሁት። ከመቶ ዘጠና አራት ሰጠሁት። ስድስቱን የቀነስሁት የእናቲቱ ግራ ጆሮ ጫፍ ከፎቶው ጠርዝ ስለወጣ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በሕይወቴ አላየሁም። ይህን አልዋሽሽም።

ስለ አምስተኛው ግልገል የጻፍሽው ግን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። «ሦስት ቀን ሲደክም አየሁት። አልነካሁትም፤ ሕጉ አለመንካት ነው። በአራተኛው ቀን እናቱ በላዩ ላይ ተራምዳ ሄደች» ብለሻል። ይህን ሕግ ከየት እንደተማርሽው ዐውቃለሁ።

አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር። ዛሬ የካርሜ ጋት ፎቆች የቆሙበት ቦታ ያኔ ማሳ ነበር። ሽመላዎቹ በማርች ሲያልፉ በሆድሽ ተኝተሽ መጠበቅን ያስተማርሁሽ እዚያ ነው። አንዷ የኤሌክትሪክ ሽቦ መታትና ፊታችን ወደቀች፤ የክንፏ አጥንት ወጥቶ ይታይ ነበር። «አባ፣ እንውሰዳት» አልሽ። «አትንኪያት። መጀመሪያ ፎቶ አንሺ» አልሁሽ። እያለቀስሽ የሃያ አራት ፎቶ ፊልሙን ጨረስሽ፤ ቀና ስትዪ ሞታ ነበር። ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። እናትሽ አወረደችውና «ልጄን ምን እያስተማርካት ነው?» አለችኝ። ትዕግሥት ነው ብዬ መለስሁላት።

አሁን የምትጠይቂኝን ዐውቃለሁ። ያጠቧት ዘሪቱና ሁለት ጎረቤቶች ናቸው። መቃብሯ በከተማችን መካነ መቃብር፣ ከበሩ ስትገቢ በሰባተኛው ረድፍ፣ ከግራ አራተኛው ነው። ድንጋዩ ገና አልቆመም።

ጠርታኝ ነበር ወይ ትዪኛለሽ።

ሆስፒታል በገባች በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ አንደበቷ ትንሽ ተፈታላት። «ኦዴያን ጥራልኝ። ስልኩን አምጣው» አለችኝ። «ባትሪው አልቋል» አልኋት። ባትሪው አላለቀም ነበር። ያ ዕለት አንቺ ከጉድጓዱ ፊት የተኛሽበት ዘጠነኛ ቀን ነበር፤ ቀበሮዋ ገና አልለመደችሽም። ጠዋት የላክሽውን አንብቤ ነበር፤ «አሁን ከተነሣሁ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል» ብለሻል። ሐኪሙ እየተሻላት ነው ብሎኛል፤ ትኬትሽም ተቆርጧል፤ ጃንዋሪ 1 ትደርሳለች ብዬ ቆጠርሁ። እናትሽ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ሲበራ አየችው። ከዚያ በኋላ ጥራልኝ አላለችም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በሃያ ስድስተኛው ቀን የሰፈራችንን ራቢ ጠየቅሁ። መርዶው በሠላሳ ቀን ውስጥ ከደረሳት ሰባት ቀን ሐዘን ትቀመጣለች፤ ካለፈ ግን አንድ ሰዓት ብቻ ነው አሉኝ። አራት ቀን ቀርቶኝ ነበር። ስልኩን በየቀኑ አነሣሁት፤ ጠርታኝ ነበር ወይ የምትለው ጥያቄ ትመጣብኝና አስቀምጠዋለሁ። አራቱም ቀናት አለፉ። እናትሽን ስልኩን ከለከልኋት፤ አንቺን ደግሞ ሰባት ቀንሽን ወሰድሁብሽ። የቀረሽ ስልሳ ደቂቃ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ሸሚዝሽን በግራ በኩል፣ በልብሽ ላይ፣ ቅደጂ። ጫማሽን አውልቀሽ መሬት ላይ ተቀመጪ። ሰዓትሽን እይና ስልሳውን ደቂቃ ሙሉ ተቀመጪ፤ አታሳጥሪው። ኦምሪ ደጅ ላይ ይኖራል። ግባ ብትዪው ይገባል። ስትጨርሺ ተነሺና ጥቂት ተራመጂ። ካሜራሽን በዚያ ቀን አትንኪው። ይህ የራቢው ትእዛዝ አይደለም፤ የእኔ ነው፤ መታዘዝ ግን ግዴታሽ አይደለም። ከእንግዲህ ላዝዝሽ መብት ያለኝ አይመስለኝም።

ዘሪቱን አትቀየሚያት። ስትመጪ በእሷ ቤት እረፊ እንጂ ወደ እኔ እንድትመጪ አልጠይቅሽም። የታተመው ፎቶ እናትሽ ሽመላዋን ያወረደችበት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ይውረድ ካልሽ አወርደዋለሁ።

እግዚአብሔር በዚያ ከፍታ ላይ እግርሽን ያጽናልኝ። እናትሽ ትመርቅሽ የነበረውን ምርቃት እኔ በአፌ ልደግመው አልችልም፤ አንቺ ታስታውሺዋለሽ።

መሬት ላይ የተቀመጥሽበትንና የተነሣሽበትን ቀንና ሰዓት ጻፊልኝ። ሌላ ምንም ባትጽፊ እሱን ብቻ ጻፊ። በዚያ ሰዓት እኔ የት እንደነበርሁና ምን እያደረግሁ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ። ኦምሪ በስድስተኛው ቀን ይመለሳል፤ መልስሽን በእሱ እጅ ላኪልኝ፤ እባክሽ ቶሎ መልሺልኝ።

አባትሽ አግደው