የበጎቹን መንገድ የተከተሉት የእኅታችን የሕይወት ታሪክ

እኅታችን ከበግ አርቢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1949 ዓ.ም. በዚህ ሸለቆ ተወለዱ። እሳቸው ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ይህን የምጽፈው እኔ የመጨረሻው ነኝ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ረጋ ብሎ እንደሚነበብ አውቃለሁ። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ ታገሡኝ።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ፣ ሁለተኛ ደረጃውን አክስታችን ዘንድ ተቀምጠው በከተማ ተከታተሉ። በ1970 ዓ.ም. ከእንስሳት ጤና ማሠልጠኛ ተመርቀው በእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ በቴክኒሻንነት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስም ከዚያ አልተነሡም። በ1974 ዓ.ም. አናጢውን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ለምርመራ የሚመጡትን ትሎች የሚይዙትን ብልቃጦች መደርደሪያ ሁሉ የሠሩላቸው ባለቤታቸው ነበሩ። «ለቤታችን ቁም ሣጥን የደረሰው ከትሎቹ ተራ በኋላ ነው» እያሉ ያበሽቋቸው ነበር።

ሥራቸው በበግ ጨጓራ ውስጥ ተጣብቆ ደም በሚመጥ ትል ላይ ነበር። ትሎቹ ከየቄራው በብልቃጥ ይመጣሉ፤ በብልቃጡ ላይም የቄራው ከተማ ስም ይጻፋል። ላቦራቶሪው ለዓመታት እንዲህ ሲሠራ ኖሯል። በጉ የታረደበት ከተማ የትሉ አገር ተደርጎ ተመዘገበ፤ በዚያ ላይ ካርታ ተሣለ፤ ካርታው ተጨበጨበለት። በጉ የት ተወልዶ የት እንደጋጠ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኅታችን ጠዋት ጠዋት ቄራው በር ላይ ቆመው ሹፌሮቹንና ነጋዴዎቹን እየጠየቁ በእጃቸው ይጽፉ ጀመር። ሹፌሮቹ «እትዬ ከየት» አሏቸው፤ እሳቸውም ስሙን ወደዱት።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ መሣሪያ ስላዋሷቸው እኅታችን የትሎቹን ዘረመል አመሳከሩ። ትል በራሱ ቢሄድ ከሣር ሣር ነው፤ በበግ ሆድ ተሳፍሮ ግን በአንድ ቀን አገር ያቋርጣል። በጭነት መኪና መንገድ የተገናኙ ከተሞች ትሎች፣ ምንም ያህል ቢራራቁ፣ የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ተገኙ። የትል መድኃኒቱንም ለምደውታል፤ አይገድላቸውም። በግ ወጥቶ እንጂ ገብቶበት በማያውቀው በዚህ ሸለቆ ያሉት ግን ለብቻቸው ዘር ነበሩ፤ መድኃኒቱ ገና ይፈጃቸው ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ከሌላ ቦታ የመጣ በግ ለሁለት ሳምንት ለብቻው ታስሮ፣ መድኃኒት ጠጥቶና ዐይነ ምድሩ ተመርምሮ ካልሆነ ከመንጋ እንዳይቀላቀል ሐሳብ አቀረቡ። የላቦራቶሪው ኃላፊ «እኛ ትራፊክ ፖሊስ አይደለንም» ብለው ጽሑፉን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እኚሁ ሰው ይህን ክፍል ትቼ እንዳነብ ትናንት ሰው ልከውብኛል። አልተውኩም።

በ2003 ዓ.ም. ክረምት የሸለቋችን በጎች እንደ ቅጠል ረገፉ። መድኃኒቱ ውኃ ሆነ። ጎረቤቶቻችን፣ እናንተው፣ «ትሉን በብልቃጥ አምጥታ የለቀቀችብን እሷ ናት» አላችሁ። እኅታችን በተወለዱበት መንደር ሰላምታ ተነፈጉ። እናታችንን ሊጠይቁ ሲመጡ የጎረቤት በር እየተዘጋባቸው አሥራ ሦስት ዓመት ተመላለሱ፤ አንድም ቀን ራሳቸውን አልተከላከሉም።

ያልተከላከሉት በእኔ ምክንያት ነው። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ከገበያ፣ ከጭነት መኪና ላይ፣ አሥራ አንድ ሙክቶች ገዝቼ በዚያው ቀን ከመንጋዬ ቀላቀልኳቸው። እኅቴ «እንግዳ በግ ለብቻው እሰር» ብለው ደጋግመው ነግረውኝ ነበር፤ «እሺ እትዬ» ብዬ ረሳሁት። በጎቹ ሲያልቁ መጥተው ከሞቱት ትል ወሰዱ። ውጤቱ የመንገዱ ትል ነበር፤ የሙክቶቼ። «ለሰዉ ንገራቸው፤ ካልነገርካቸው ሌላም ያስገባሉ» አሉኝ። ሳልነግራችሁ ቀረሁ። ስትሰድቧቸው ሰማሁ፤ አጎንብሼ አለፍኩ። በመሥሪያ ቤቱ እናደዳለሁ፤ በእናንተም እናደዳለሁ፤ ከሁሉ የባሰው ንዴቴ ግን በራሴ ላይ ነው። ትሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

እኅታችን ለሦስት ዓመታት በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። እናታችንን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ለእኔም ምሕረት የሚለምን ካለ ሌላ ቀን ይለምን፤ ዛሬ የእሳቸው ቀን ነው።