የጋሽ አስናቀ ፈስ

እሁድ
ለመላው ቤተሰብና ለወዳጅ ዘመድ በከባድ ሐዘን ይገለጻል፦ የእህቴ የማህሌት ጋብቻ ዛሬ ከቀኑ በስድስት ሰዓት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እቤታችን ሳሎን ውስጥ በድንገት ታሟል። ነፍሱ አልወጣችም፤ ግን ታሟል። ምክንያቱ ጋሽ አስናቀ ፈስተው ነው።

ሽማግሌ የላከው ኤርሚያስ ነው። ኤርሚያስ ማለት ጉርድ ሾላ አንድ ቢሮ ውስጥ ወረቀት እያተመ ራሱን ሥራ አስኪያጅ የሚል ክራባታም ነው። ማሂ ትወደዋለች፣ ምን ይደረጋል።

ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። አለቃቸው ጋሽ አስናቀ፣ ጡረታ ወጥተውም ሰላምታ በማመልከቻ ካልሆነ የማይቀበሉ፣ ለአባዬ እጅ ሊነሱ ጎንበስ አሉ። አመለጣቸው። ረጅም ነበር። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እኔ ሳቅኩ።

«በሽምግልና ተሳቀብን» ብለው ወጡ። ልጁ ይቅርታ ካልጠየቀ አይመለሱም። ልጁ እኔ ነኝ።

ሰኞ
አባዬ «ምን አሳቀህ?» ይለኛል፤ ልነግረው አፌን ስከፍት «ዝም በል፣ ባለጌ» ይላል። ፈስ የሚለውን ቃል የሚደፍር ሰው ጠፋ። የሰማሁትን ስም ሁሉ ጻፍኩ፦

እማዬ፦ «አየር አመለጣቸው»።
ነርሷ ጎረቤታችን፦ «ጋዝ ነው»።
የታክሲ ረዳት፦ «ማነው የለቀቀው? መስኮት ክፈቱ»።
ማሂ፦ «ያ ነገር»።

ፈሪ ሁሉ። ስትሰማቸው ፈስ በራሱ እግር የሚሄድ ይመስልሃል፤ ይመጣል፣ ያመልጣል፣ ባለቤት የለውም።

ማሂ «ያ ነገር» ካለች ወዲህ አላናገረችኝም። እራትም አልበላችም።

ማክሰኞ
ከአባዬ ሸሽቼ እንጦጦ ወጣሁ። እዚያ የቆሎ ተማሪ የሚያስተምሩ መሪጌታ አሉ። እኔ ዘጠነኛ ክፍልን እንኳ አልጨረስኩም፣ ግን ጠየቅኩ፦ «የኔታ፣ ፈሳ የሚለው ቃል ከየት መጣ?» ጥፊ ጠብቄ ነበር።

«ግዕዙ ፈሰወ ይላል» አሉ ፊታቸው ሳይለወጥ። «የቆየ ቃል ነው። ቃሉ አያሳፍርም።»
«ታዲያ ሰው ለምን ያፍራል?»
«ሰው የሚያፍረው ሲሰማበት ነው። አንተ ደግሞ ስቀህ ላልሰማው አሰማህ።»

ቁልቁለቱን ስወርድ ምንም አላሳቀኝም።

ረቡዕ
አባዬ ድንጋይ አሸክሞ ጋሽ አስናቀ ደጃፍ አንበረከከኝ፤ የይቅርታ ወግ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች አሉ፣ ኤርሚያስም ከነክራባቱ።

«ምን አሳቀህ?» አሉ ጋሽ አስናቀ። ከዘራቸውን ፊቴ ተከሉ። እውነቱን ብናገር የማሂ ነገር እዚያው ያበቃል።

«ፈስቼ ነው ጋሼ» አልኩ። «የኔ ነበር። ሐፍረቴን በሳቅ ልሸፍን ብዬ ነው።»

ጋሽ አስናቀ ከዘራቸውን ግድግዳ አስደገፉ። ከዚያ ድንጋዩን ራሳቸው አወረዱልኝ። ይሄ ኩሩ ሽማግሌ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ልጄ፣ ባቄላ ቀንስ» ብሎ መከረኝ።

እሁድ ይመለሳሉ። ማሂ እራቴን ስታቀርብ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ አለፈች፤ ታውቃለች መሰለኝ። ኤርሚያስ ግን ከአሁኑ ከእኔ ራቅ ብሎ መቀመጥ ጀምሯል። ሰፈሩ ምን ስም እንደሚያወጣልኝ እንጃ።

ለነገሩ ይህን ሁሉ ቀለም የሚያስጨርስ አልነበረም። አንድ ፈስ ነው፤ ያውም የሰው።