ተከራይ ለማይለቀስበት ግቢ ባለቤት

ለተከበሩ አቶ ትዕዛዙ፣
የሐይቅ ዳር ሰፈር እድር ሊቀመንበርና የግቢ ሙሉ ክፍሎች አከራይ፣
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ሆይ፣ እግዚአብሔር ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ባለቤትዎንና ልጆችዎን ከክፉ ይጠብቅልዎ፣ የግቢዎንም ቁልፍ ከእጅዎ አያሳጣዎ እያልኩ ከመንዝ ደጋ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በግቢዎ ጥግ ያለችውን ክፍል ተከራይታ የነበረችው የትርሲት እናት ነኝ። ልጄ በአጭር ሕመም ሐኪም ቤት ካረፈች ገና አርባዋ አልደረሰም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፤ እርስዎም ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ደብዳቤውን ሰው ሁሉ እንዲያየው የፈቀድኩት፣ ለእርስዎ ብቻ ብልከው ከትሕትናዎ የተነሣ ምስጋናዬን ይደብቁታል ብዬ ስለፈራሁ ነው።

አንደኛ፣ ልጄን መሐል ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ስላኖሩልኝ አመሰግናለሁ። ትርሲት ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፈች ስትሠራ፣ ለሥራዋ እንዲቀርባት ብላ ከእርስዎ ተከራየች። እኔም ልጄ በሯን ስትከፍት ባሕር ታያለች እያልኩ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። በሯን ስትከፍት የምታየው የእርስዎን የውሃ ታንከር መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ጓሳ ተራራ ሥር የምንኖር ሰዎች ባሕር ሲባል ነፋስና ብርድ ይመስለናልና፣ ስትሄድ ከባድ የበግ ጠጉር ባና አሸክሜአት ነበር። እማዬ፣ እዚህ ሰው አንሶላውንም ገፎ ነው የሚተኛው፣ ባናሽን በሩ ሥር አንጥፌ ትንኝ እየከለከልኩበት ነው ብላ በስልክ ሳቀችብኝ። እርስዎ ግን የበግ ሽታ ሌላ ተከራይ ያሸሻል ብለው ገመድ ላይ እንዳታሰጣው ከልክለዋታል አሉ። ስለ አፍንጫዎ ንቃት አድናቆቴ ይድረስዎ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ እንግዳ ያወጡትን ደንብ ይመለከታል። ባለፈው ጥር ከመሐል ሜዳ ተነሥቼ፣ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ላይ መኪና እየቀየርኩ ልጠይቃት መጣሁ። መናኸሪያ ተቀበለችኝና ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ አልቤርጎ ወሰደችኝ። ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው አለችኝ። እኔ ግን ቀሚሴንና ጫማዬን አየሁና፣ አፍራብኝ ነው አልኩ። በማግስቱ እህሏን ሳልቀምስላት፣ ሳልመርቃት ተመለስኩ። እንግዳ ካሳደርሽ ቤቱን ትለቂያለሽ ብለዋት እንደነበር የነገረችኝ ከቀብሩ በኋላ የግቢው ጎረቤቷ ገሊላ ናት። ትርሲት ደንቡን ያልነገረችኝ፣ እናቴ ታዝንብኛለች ብላ ነው አሉ። ደንቡ የእርስዎ ነው፤ ኩርፊያው ግን የእኔ ነው። ልጄን እንድጠረጥራት ማንም አላዘዘኝም። ስለዚህ ከዚህ ጥፋት የሚገባዎን ድርሻ ይውሰዱ እንጂ የእኔን አልሰጥዎትም፤ እሱን ይዤው እተኛለሁ፣ ይዤውም እነሣለሁ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ልጄ ለቅሶ ነው። በቅድሚያ እውነቱን ልናገር፤ ልጄን የገደላት ሕመም ነው፣ እርስዎ አይደሉም። አስከሬኗ ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ መንዝ የሚወስደው መኪና እስኪደርስ ድረስ፣ ገሊላና የሥራ ባልደረቦቿ በኖረችበት ግቢ ጥቂት ሊያለቅሱላት ፈለጉ። የእድሩ ድንኳን እንዲተከል፣ እሱ ቢቀር አግዳሚ ወንበር እንዲወጣ ለመኑዎ። እርስዎም እድሩ የባለቤቶች ነው፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚል ተከራይ አባል አይሆንም አሉ። ለቅሶ የተቀመጡበትን ክፍል ማን ይከራየዋል ብለውም በሩን ዘጉት። ልጄ ሐኪም ቤቱ አጥር ሥር፣ ፀሐይ ላይ ተለቀሰላት። ድንኳንዎ አቧራ ስላልነካው፣ አግዳሚውም ስላልተሰበረ ደስ ብሎኛል። እናትዎ ያረፉ ጊዜ ትርሲት ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ በዚያው ድንኳን ውሃ ስታመላልስና ሳህን ስታጥብ መሰንበቷን ነግራኝ ነበር። ደግ አደረግሽ ብያት ነበር፤ ዛሬም እላታለሁ። እኛ አገር ሰዎች አልሠለጠንንም መሰለኝ፣ ሰው ሲሞት የምንጠይቀው የማን ልጅ ናት ብለን ነው እንጂ የማን ቤት ተከራይ ናት ብለን አይደለም።

ምስጋናዬ እዚህ ያበቃል፤ የቀረኝ ልመና ነው። ገሊላ ከቀብሩ እንደተመለሰች ግቢው ውስጥ ጮኻ በማልቀሷ፣ ወሩ ሲያልቅ ክፍሏን እንድትለቅ እንደነገሯት ሰምቻለሁ። ይህች ልጅ እኔ አጠገቧ ባልነበርኩበት ሰዓት የልጄን ዓይን የከደነች ናት። የጮኸችውም በእኔ ፈንታ ነው። በእኔ ልጅ ለቅሶ ምክንያት የሰው ልጅ ጎዳና ከወጣች፣ ያን ደግሞ በምን ጉልበቴ እሸከመዋለሁ? ጩኸቱ ጥፋት ከሆነ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝና በእኔ ላይ ይጻፉት፤ እሷን ግን በክፍሏ ይተዉልኝ። ከዚህ ሌላ ከእርስዎ ምንም አልፈልግም።

ግቢዎ ዘወትር የታጠረ፣ ደንብዎ የተከበረ፣ እንቅልፍዎም የሰመረ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለደጅዎ ባዳ ለተከራይዎ እናት የሆንኩ፣ አክባሪዎ

ጥሩሸዋ ዳኜ
ከመሐል ሜዳ አጠገብ፣ መንዝ

ግልባጭ፦
ለሐይቅ ዳር ሰፈር እድር አባላት በሙሉ፤
አባል መሆን ላልተፈቀደላቸው በሙሉ

ተጨማሪ፦ ስምዎን በእኛ አጥቢያ እድር አስመዝግቤዋለሁ። የእድሩ ዳኛ አባ ፍቅረ ሥላሴ፣ ሰውየው እዚህ ቤት አላቸው ወይ ብለው አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ የክርስትና ስምዎን ብቻ ነው። ቀንዎ ሲደርስ፣ እግዚአብሔር ያርቀውና፣ ድንኳኑ ይተከልልዎታል፣ እኔም መሬት ተቀምጬ ድምፄን ሳልቆጥብ አለቅስልዎታለሁ። የክርስትና ስምዎን ለገሊላ ይንገሯትና ትላክልን፤ ከክፍሏ አያጧትም ብዬ አምናለሁ።