ከደንገል የተሠራው ሮቦት

ሰኞ

ዛሬም ተገለበጠ። እምቦጭ ይጠርጋል ብለን ስንት ሳምንት የለፋንበት ሮቦት፣ በትምህርት ቤታችን የውሃ ገንዳ ውስጥ ገና ሞተሩ ሲነሣ በአፍንጫው ተደፋ። የፊቱ መንጠቆ አረሙን ሲስብ የሚያንሳፍፉት ጄሪካኖች ወደ ፊት ያዘነብላሉ፤ ከዚያ ድፍት! ቅዳሜ ጣና ላይ ወላጆች ፊት እናሳያለን ብዬ ለርእሰ መምህሩ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። ማን ተናገሪ አለኝ?

ሐያት ከሐይቁ ዳር የታጨደ አንድ እቅፍ ደረቅ ደንገል ይዛ መጣች። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ከሳይንስ ክበባችን ልጆች ሁሉ እጇ የተባረከ። አባቷ ሐይቁ ዳር የደንገል ታንኳ ይሠራሉ። «ቲቸር፣ ከሥሩ በዚህ ብንሠራውስ?» አለች። እኔ ደግሞ ተናድጄ ነበር። «ሐያት፣ እዚህ ሳይንስ ነው የምንሠራው፤ ሳር አይደለም የምናጭደው» አልኋት። ልጆቹ ሳቁ። ደንገሏን አቅፋ ወጣች።

ማክሰኞ

ሐያት አልመጣችም። ሽቦ የሚበይድልን ጠፋ።

ጄሪካን ጨመርን፤ ከብዶ አልዞር አለ። ባትሪውን ከፍ አደረግነው፤ ተገለበጠ። ኋላው ላይ ድንጋይ አሰርን። ይህን እንኳ ባልጽፈው ይሻል ነበር።

ስንወጣ ጓደኛዋ ሰላም ጠጋ ብላ፣ «ቲቸር፣ ሐያት እኮ ክበቡን ትታለች። ‹ሳር አጫጇ› እያሉ ነው የሚጠሯት» አለችኝ። ስሙን ያወጣሁላት እኔው ነኝ። ሮቦቱ ቢቀር ይቅር፤ ይቺ ልጅ ግን በእኔ አፍ ምክንያት ሳይንስ የእሷ እንዳልሆነ አምና ከቀረች ምን ይውጠኛል?

ረቡዕ

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ አስተምረዋል። ጠዋት ነገርኋቸው። «ተማሪ ፊት ያጠፋ መምህር ይቅርታውንም ተማሪ ፊት ይጠይቃል» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ሲቆጡ ቃል ይቆጥባሉ።

ከሥራ በኋላ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። የሐያትን አባት፣ ጋሽ ሰይድን፣ ደንገሉን በጉልበታቸው ተጭነው በገመድ ሲያስሩ አገኘኋቸው። ሐያት የገመዱን ጫፍ ይዛለች፤ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። «መምህርት፣ ይቀመጡ እንጂ» አሉኝ። ትሕትናቸው ይበልጥ አሳፈረኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ አንዱንም አላለሳለስሁ። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «የተበደለችው እሷ ናት። ይቅርታውን እሷን ይጠይቋት» አሉኝ።

ጠየቅኋት። ገመዱን ሳትለቅ፣ «ልጆቹም ይስሙት» አለች። እውነቷን ነው።

ሐሙስ

ሐያት ባለችበት የክበቡን ልጆች ሰብስቤ ፊታቸው ቆምሁ። «ሐያት ጥሩ ሐሳብ ይዛ መጥታ ሳልሰማ አሳፈርኋት። የሳቃችሁባትም በእኔ ምክንያት ነው። ሐያት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልሁ። ሰላም አጨበጨበች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሐያት «እሺ፣ በሉ ገመድ አምጡ» አለች፤ በቃ።

ጋሽ ሰይድም ሥራቸውን ትተው መጡ። በጄሪካኖቹ ፋንታ ደንገሉን እንደ ታንኳ አስረው አፍንጫውን ወደ ላይ ቀለበሱት። ሐያት ባትሪውን ወደ ኋላ አዛወረችና ክብደቱ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት ሰሌዳ ላይ ሥላ አስረዳች። እኔ ሳስተምር የሚያንቀላፋው ያሬድ ሳይቀር እጁን አውጥቶ ጠየቃት!

ተንሳፈፈ። አረሙን ጎተተ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። እልልታዬን ግቢው ሁሉ ሰማው።

ዓርብ

ጉድ ሠራሁ። ለነገ ዝግጁ ይሁን ብዬ ትናንት ታንኳውን ገንዳው ውስጥ ትቼው ሄድሁ። ጠዋት ብመጣ ውሃ ጠጥቶ ሊሰምጥ ትንሽ ቀርቶታል። ደግነቱ ሞተሩንና ባትሪውን ሐያት ፈትታ አስቀምጣቸዋለች።

«ቲቸር! ታንኳ ውሃ ውስጥ ያድራል እንዴ?» አለች ራሷን ይዛ። ለካ የደንገል ታንኳ ሥራውን ሲጨርስ ከውሃ ወጥቶ ቆሞ ነው የሚደርቀው። ሐይቁ ዳር ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲ ድረስ ፊዚክስ የተማርሁት ሴትዮ ግን አላውቅም። ትክ ብላ አየችኝና በሳቅ ፍርስ አለች። ከሰኞ ወዲህ ስትስቅ ገና ማየቴ ነው። ትሳቅብኝ፣ ዕድሜ ልኳን ትሳቅብኝ!

ግድግዳ አስደግፈን ፀሐይ ላይ አቆምነው። ከጁምዓ በኋላ ጋሽ ሰይድ መጥተው ዳሰሱት። ለነገ ይደርሳል ወይ አልኋቸው። «ኢንሻአላህ» አሉ፤ ፊታቸው ግን ምንም አይናገርም።

ቅዳሜ

ወላጆች መጡ። ርእሰ መምህሩ መጡ። አባቴም ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ሐያት ሮቦቱን ሐይቁ ላይ ለቀቀችው። ውስጡ ገና አልደረቀም መሰለኝ፣ ወደ ግራ ያጋድላል። እምቦጩ ውስጥ ገባ፤ መንጠቆው ያዘ፤ አፍንጫው ቀና እንዳለ አንድ ጉቻ አረም እየጎተተ ወደ ዳር መጣ። አንዲት እናት «ማነው የሠራው?» ቢሉ ልጆቹ ሁሉ «ሐያት!» ብለው ጮኹ። ሰኞ የሳቁት እነዚያው ልጆች። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። ተመስገን።

ሰው ሲበተን ጋሽ ሰይድ ጠጋ አሉኝ። መምህርት ማለቱን ትተዋል።

«ልጄ፣ የሐያት ታናሽ እኅት አራተኛ ክፍል ናት። ከስንተኛ ክፍል ነው የምትቀበዪው?»

የክበቡ ደንብ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ነው ይላል።

«ሰኞ ትምጣ» አልኋቸው።