አባ በርኖስ የለበሱ ዕለት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለዓሪፍ፣ ካለህበት ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህን ያምህ ነበር፣ ተሻለህ ወይ? ሥራውስ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። ማሽላውም ገብቷል።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ አባ ነው። ፍሬሰላም የምትባል የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መምህርት፣ ግዛቱን ስለተነጠቀ ሽማግሌ ንጉሥ የሚያወራ የጥንት የፈረንጅ ተውኔት ይዛ መርሳ መጣች። ንጉሡን ባላባት፣ አገሩን የእኛን ሐብሩ፣ ዘመኑንም የ1967ቱ የመሬት አዋጅ አድርጋዋለች። ተማሪዎቿ ያን ዘመን ከየት ያውቁታል? ጭሰኛ ሆኖ የሚጫወተው ዮሴፍ ሲያጎነብስ ስልክ ወድቆበት የሚፈልግ ይመስል ነበር። ያየ ሰው ያሳየን ብላ ብትለምን፣ በወጣትነታቸው የሐብሩ ባላባት ጭሰኛ የነበሩትን አባን ወሰድኩላት።

አባ ኩታቸውን አደግድገው አንዴ ዝቅ ሲሉ በዮሴፍ ሲስቅ የነበረው ተማሪ ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ፍሬሰላም ግን ባላባቱን እርስዎ ይሁኑልኝ፣ እሱን ከእርስዎ በላይ ያየው የለም አለቻቸው። እማ ሰምታ ነደደች፤ «የዚያን ሰውዬ በርኖስ የለበሰ ቤቴ አይገባም» አለች። አባ ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። በአራተኛው ተነስተው ወደ ልምምዱ ሄዱ።

አንተ «አባ ለቀበሌ ዘበኛ ሳይቀር ለምን ያጎነብሳሉ?» እያልክ ትናደድ አልነበር? ቲያትሩ በታየ ዕለት በርኖሱን ደርበው መድረክ ላይ ሲወጡ ባየሃቸው! አረማመዳቸው፣ ጉሮሮ አጠራረጋቸው ሁሉ የዚያ ሰውዬ ነው። አዋጁ በራዲዮ ሲነበብ፣ ያን ሁሉ ግፍ ለሠራ ባላባት አዳራሹ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ በራሴም ተናደድኩ።

መጨረሻ ላይ ባላባቱ በርኖሱን አውልቆ ለጭሰኛው ይሰጣል፤ ጭሰኛውም እጅ ነስቶ ይቀበላል። ጽሑፉ እንዲያ ነው የሚለው። አባ ግን ዮሴፍ ዝቅ ሲል አገጩን ይዘው አነሱት። «ቀና በል ልጄ፤ እኔ ያጎነበስኩት ይበቃል» አሉ። ይህ የባላባት ቃል አይደለም፣ የራሳቸው ነው። እየተቆጣችም ቢሆን ልታይ የመጣችው እማ ከፊት ወንበር ተነስታ እልል አለች። ፍሬሰላም በርኖሱን ለአባ ስትሸልማቸውም፣ ቤት ድረስ የተሸከመችው እማ ናት።

እማ ብዙ ሰላም ብላሃለች። ታናሻችን አብዱልሐሊም ይናፍቅሃል። ጎረቤታችን እትዬ አልታየች ደግሞ ዱዓ ታደርግልሃለች። አባ ሰላም ብለውሃል፤ «ስለ ቲያትሩ እንዳትጽፊለት፣ ያፍርብኛል» ብለውኝ ነበር። እኔ ጽፌልሃለሁ። ማፈር አለማፈርህን ደውለህ አንተው ንገራቸው።

እህትህ ነሲባ
መርሳ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.