ከተማው የት ላይ ያልቃል?

ሙሚና ልጄ፣ የአላህ ሰላምና እዝነት ከደጅሽ አይራቅ። በባቡር በየቀኑ አምስት ከተማ ስለምታቋርጪ፣ ዱዓ ሳደርግልሽ የትኛውን እንደምጠራ ግራ ገብቶኛል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አጎትሽ ጃቢር ሁለት ጥርስ አስነቀለ፤ ወሬው ግን አልቀነሰም።

ረመዳን ስለደረሰ ጥያቄሽን ይዤ ሼህ አብዱልጀሊል ዘንድ ሄድኩ። «ልጄ ጀርመን አገር ከዶርትሙንድ ኮሎኝ ለሥራ ትመላለሳለች። እንደ መንገደኛ አፍጥራ ፆሙን በሌላ ጊዜ ብታካክሰው ይሆናል ወይ?» አልኳቸው።

«መንገደኛ የሚባለው የከተማውን ቤቶች ጨርሶ የወጣ ነው» አሉኝ።

«ቤቱ እኮ አያልቅም ትላለች። አንዱ ከተማ ሳያበቃ ሌላው ይጀምራል።»

ሼሁ ጢማቸውን ይዘው «የእኛም ጎንደር ድሮ ሜዳ የነበረው እስከ ፀዳ ከተማ ድረስ ቤት ሆኗል» ብለው ተከዙ።

አብሮኝ የመጣው ጃቢር ጣልቃ ገባ፦ «ይህችማ ምኑን መንገደኛ ሆነች፤ ሰፈሯ ረዘመባት እንጂ!»

ሼሁ ገሠጹትና «በመካከል ባዶ መስክ ካለ ከከተማ ወጥታለች እንላለን» አሉኝ።

አምና በፆም ባቡር ውስጥ ራስሽን ስተሽ መውደቅሽን ከሰው ነው የሰማሁት። ምነው ደበቅሽኝ? ሐኪም ዘንድ ሂጂ ብልሽም እንደማትሄጂ አውቃለሁ። ስለዚህ ነገ መስኮት ዳር ተቀመጪ፣ ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና ውጭ ውጭውን እዪ። ላም የምትግጥበት መስክ ካየሽ ቶሎ ጻፊልኝ፤ ሼሁም እየጠበቁ ነው።

አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ጠባብም ቢሆን ሜዳ ያሳይሽ። ላሟ ባትኖርም ሣሩ ይበቃል።

እናትሽ ፈህሚያ፣ ከጎንደር